«ቍስጥንጥንያ» ወይስ «ኮንስታንቲኖፕል»፦ በክሩሴደር ኪንግስ ካርታ ላይ ያለው የስም ጣጣ

ክሩሴደር ኪንግስ 3 በሚባለው የመካከለኛው ዘመን የኮምፒውተር ጌም ላይ አንዲት ከተማ ጌታ ስትለውጥ ስሟም አብሮ ሊለወጥ ይችላል። የቦስፎሯን ከተማ የሰሜን ሰዎች ሲይዟት «ሚክላጋርድ» ትባላለች፣ ትልቋ ከተማ ለማለት። ስላቮች «ጻሪግራድ» ይሏታል፣ የንጉሡ ከተማ። ቱርኮች ደግሞ «ኮንስታንቲኒዬ»። ከአክሱም ወይም ከላስታ የተነሣ ንጉሥ ቢይዛትስ? ለእሱ ባህል የተጻፈ ስም ከሌለ መነሻው የእንግሊዝኛ ስም እንዳለ ይቀመጣል። የሚያስቆጨው ስሙ እያለን መሆኑ ነው። መቶ ሃምሳው ሊቃውንት የተሰበሰቡባት ከተማ በግዕዝ ቍስጥንጥንያ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያደገ ሁሉ ከኒቅያና ከኤፌሶን ጋር ሲጠራ የሰማው ስም ነው።

ስለዚህ ጌም የስም ክርክር ሲነሣ ሁለት ወገን ብቻ ያለ ይመስላል። አንዱ «እንግሊዝኛው ይሻለኛል፤ ፍሎረንስን ፊሬንዜ ካላችሁብኝ ካርታው ላይ ስፈልግ ልከርም ነው» ይላል። ሌላው «የአገሬው ሰው የሚጠራበት ስም ይጻፍ» ይላል። ልቤ ከሁለተኛው ጋር ነው፤ ግን «የአገሬው ስም» የሚሉት ነገር ሲፈታ ውስጡ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሞድ (ተጫዋቾች ጌሙን ለመቀየር የሚሠሩት ተጨማሪ ፋይል) የሚበላሸውም እነዚህን በመቀላቀል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው የዛሬው የአገሬው ስም ነው። ሞድ ሠሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚህ ነው፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ በአንድ ደቂቃ ይገኛል። ስሕተቱም እዚሁ ይጀምራል። ብራቲስላቫ ይህን ስም በይፋ ያገኘችው 1919 ነው፤ ከዚያ በፊት ለጀርመኑ ፕሬስቡርግ፣ ለሃንጋሪው ፖዦኒ ነበረች። ካሊኒንግራድ 1946 ላይ የወጣ ስም ነው፤ ኬኒግስበርግ ራሱ የተቆረቆረው 1255 ስለሆነ በ1066 ለሚጀምር ጨዋታ ሁለቱም አይሆኑም። ፊሬንዜም ቢሆን የዛሬ ጣልያንኛ ነው፤ የመካከለኛው ዘመን ቶስካናዊ ፊዮሬንዛ ነበር የሚለው። እንግሊዝኛውን አውጥቶ የዘመኑን ጎግል ማፕ ማስገባት ታሪካዊነት አይደለም።

ሁለተኛው በጨዋታው ዓመት የአገሬው ሰው የሚናገረው ስም ነው። ሦስተኛው ደግሞ ያሸነፈው ገዢ በራሱ ቋንቋ የሚጠራበት ስም። ዮርክ ሁለቱንም አንድ ላይ ታሳያለች። ጨዋታው ከሚጀምርባቸው ዓመታት አንዱ 867 ነው፤ የዴን (የዴንማርክ ቫይኪንጎች) ጦር ከተማዋን የያዘው በ866። አንግሎ ሳክሶኑ ኤዮፎርዊች ይላታል፣ አሸናፊው ዮርቪክ። «ዮርክ» የሚለውን በዚያ ዓመት የሚለው የለም፤ እንግሊዝኛው ስም ራሱ ከዮርቪክ እየተሸራረፈ የመጣ ነው። «የእንግሊዝኛው ስም ገለልተኛ ነው» የሚለው ክርክር ለእኔ እዚህ ላይ ያበቃል።

ጌሙ ይህን የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ማዕረግ፣ ማለትም ካርታው ላይ ገዢ የሚይዘው ቦታ፣ መለያ ቁልፍ አለው። ቁልፉ በደረጃው ፊደል ይጀምራል፤ ኢምፓየር በኢ፣ ኪንግደም በኬ፣ ዳቺ በዲ፣ ካውንቲ በሲ፣ ባሮኒ በቢ፤ ከዚያ የታች ሰረዝ፣ ከዚያ ስም። ማዕረጎቹ በተዘረዘሩበት «ላንድድ ታይትልስ» ፋይል ውስጥ በእያንዳንዱ ማዕረግ ሥር «ከልቸራል ኔምስ» የሚል ቅንፍ ሊኖር ይችላል። በቅንፉ ውስጥ በግራ የአንድ ባህል የስም ዝርዝር፣ በቀኝ የቦታው ስም ቁልፍ ይቀመጣል። የስም ዝርዝሩ ከባህሉ ጋር የሚገጥም ገዢ ማዕረጉን ሲይዝ ጌሙ በቀኝ ያለውን ያነሣል፤ ካላገኘ መነሻውን ይጠቀማል። ስክሪን ላይ የሚታየው ጽሑፍ ግን እዚህ ፋይል ውስጥ የለም፤ እሱ ያለው «ሎካላይዜሽን» አቃፊ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ስሙን የሚወስነው የገዢው ባህል ነው፣ ሃይማኖቱ አይገባበትም። በሰሜን ተራሮች ያለውን የቤተ እስራኤል ገዢ ተመልከቱ። ሃይማኖቱን አይተው የዕብራይስጥ የቦታ ስሞች የሚሰጡት ሞድ ሠሪዎች አሉ። ቤተ እስራኤል ግን ቅዱሳት መጻሕፍታቸውን የሚያነቡት በግዕዝ ነው፤ ኢየሩሳሌምን ቢይዙ «ኢየሩሳሌም» ነው የሚሏት፣ «የሩሻላይም» አይሉም። ጌሙ በባህል መሥራቱ እዚህ ሳያስበው ትክክል ሆኗል፣ አትንኩት። የተዳቀለ ባህል ሲፈጠርም የስም ዝርዝሩን ከወላጆቹ ይወርሳል፤ ስለዚህ የቦታ ስሞቹ አይጠፉም።

የማይሠራው ለዘመን ነው። ባህሉ ካልተለወጠ ሦስት መቶ ዓመት ቢያልፍም ስሙ አይነቃነቅም። በ1178 በሚጀምረው ጨዋታ ላይ፣ በተለመደው አቆጣጠር ላሊበላ ገና ዙፋን ላይ አልወጣም፤ ከተማዋ ሮሐ ናት፣ የንጉሡን ስም የወሰደችው በኋላ ነው። ካርታው ከመጀመሪያው ቀን «ላሊበላ» ካለ ንጉሡ ሳይነግሥ ከተማው በስሙ ተጠርቷል ማለት ነው። መፍትሔው መነሻውን ሮሐ አድርጎ፣ ለውጡን በአንድ ክስተት መጻፍ ነው፤ በስክሪፕቱ ውስጥ የማዕረግን ስም የሚቀይር ትእዛዝ አለ፣ ትእዛዙ ራሱ ከሁለት መስመር አይበልጥም።

የእኛ አካባቢ ካርታ እንደዚህ ዓይነት ወጥመድ ሞልቶበታል። በ867 ወይም በ1066 ካርታ ላይ ጎንደርን እንደ ትልቅ ቦታ የሚያስቀምጥ ሰው ቢያንስ አምስት መቶ ዓመት ቀድሟል፤ ከተማዋ መናገሻ የሆነችው በፋሲለደስ ዘመን፣ በ1636 ነው። ለዚያ አካባቢ ደንቢያ ወይም ወገራ ይበቃል። ወሎም እንደዚሁ፤ ስሙ ከኦሮሞ ጎሳ የመጣ ነው፣ የገባውም ከ16ኛው መቶ ዘመን እንቅስቃሴ በኋላ ነው። በጨዋታው ዘመን ቦታው ቤተ አማራ፣ አንጎት፣ ላስታ ነው። አዲስ አበባን በባሮኒ ስም ያስገባ ካለ ግን ለክርክርም አይመችም።

ከሁሉ የሚያሳስተው ዳሞት ነው፣ ምክንያቱም ስሙ ትክክል ሆኖ ቦታው ስሕተት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ዳሞት ሲባል ጎጃም ውስጥ ነው፤ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም በኩል። የ13ኛውና የ14ኛው መቶ ዘመን ዳሞት ግን ከዓባይ በስተደቡብ፣ ከሸዋ በስተምዕራብ ያለ ኃያል ግዛት ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን ሕዝቡ ወንዙን ተሻግሮ ስሙንም ይዞት ሄደ። ስለዚህ ካርታው ላይ ዳሞትን ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት አጻጻፉን ሳይሆን ከዓባይ በየት በኩል እንዳለ ነው። ጎጃም ውስጥ ካለ ፊደሉን ማስተካከል ዋጋ የለውም፤ ማዕረጉ ራሱ ወንዝ መሻገር አለበት፣ ያ ደግሞ የካርታ ሥራ እንጂ የስም ሥራ አይደለም።

በሙስሊም ሱልጣኔቶቹ በኩል ሁለት ትክክለኛ ስም ጎን ለጎን ይገኛል። የዓረብ ጸሐፊው አል ዑመሪ በ14ኛው መቶ ዘመን ሰባቱን ሲዘረዝር አውፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሻርኻ፣ ባሊ፣ ዳራ ይላል። አውፋት የእኛ ይፋት ነው፤ ባሊ ባሌ ነው። እዚህ «የቱ ይሻላል» ብሎ መጣላት አያስፈልግም፣ ይህ ጌም የተሠራው ለዚሁ ነው። ዓረብኛ ለሚጽፍ ባህል አውፋት፣ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ይፋት። ሐረርም እንዲሁ፤ የከተማው ሰው ራሱ «ጌይ» ነው የሚላት። ምጽዋን ትግርኛ ተናጋሪው ባጽዕ ይላታል።

«አቢሲኒያ» ላይ ግን ከብዙዎቹ ጋር አልስማማም። ጌሙ ለኢምፓየሩ ይህን ስም በመምረጡ ሰዎች ይናደዳሉ፤ «የውጭ ሰው ያወጣልን ስም ነው፣ ኢትዮጵያ ይባል» ይላሉ። ወደ ድንጋዩ ጽሑፍ ብንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። በ4ኛው መቶ ዘመን ዒዛና የሚገዛቸውን አገሮች ሲቆጥር በግሪክኛው ጽሑፍ «ኢትዮጵያ» የተባለው ቦታ በግዕዙ «ሐበሠት» ነው። አቢሲኒያ የተቀዳው ከዚሁ ከሐበሻ ነው፤ ግሪክኛ ቃል ሆኖ የገባው ኢትዮጵያ ነው። በኋላ መጽሐፍ ቅዱሱ ወደ ግዕዝ ሲመለስ ኢትዮጵያ የራሳችን ስም ሆነ፣ ነገሥታቱም ራሳቸውን በእሱ ጠሩ። ስለዚህ በጨዋታው ዘመን ለግዕዝ ባህል «ኢትዮጵያ» ማለት ትክክል ነው፤ ለዓረብኛው ባህል ደግሞ «አል ሐበሻ»። የላቲን ቅርጹን አቢሲኒያን ለላቲኖቹ እንተውላቸው።

ወደ ውጭ ስሞች ስንወጣ ግዕዝ የተዘጋጀ ጎተራ አለው። ግብጽ፣ እስክንድርያ፣ አንጾኪያ፣ ደማስቆ፣ ቆጵሮስ፣ ሶርያ፣ ፋርስ፣ ኖባ። ካይሮን ካይሮ አትበሏት፣ በዜና መዋዕሎቹ ምስር ናት። ትልቁ ዕንቁ ግን ሮም ናት። ክብረ ነገሥት ዓለሙን ለኢትዮጵያ ንጉሥና ለሮም ንጉሥ ሲያካፍል የሮሙ ንጉሥ ያለው ቍስጥንጥንያ ነው፣ የእኛ ዘመን መጻሕፍት ቢዛንታይን የሚሉት። እነሱም ራሳቸውን ሮማውያን ነበር የሚሉት፤ «ቢዛንታይን» የሚለው መጠሪያ የተለመደው ከተማዋ በ1453 ከወደቀች በኋላ፣ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ነው። ስለዚህ በግዕዝ ባህል እይታ የዚያ ኢምፓየር ስም አንድ ቃል ነው፦ ሮም። የጣልያኗን ከተማ ደግሞ «ሮሜ» ብሎ መለየት ይቻላል፤ ሁለቱ ቅርጾች በግዕዝ ይቀያየራሉ፣ እኔ የምለየው ተጫዋቹ እንዳይምታታ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። መጀመሪያ ኮድ አይከፈትም፣ ሰንጠረዥ ይከፈታል። ስድስት ዓምድ ይበቃል፦ የማዕረጉ ቁልፍ፣ ጌሙ የሰጠው ስም፣ የግዕዝ ወይም የአማርኛ ስም፣ ስሙ የሚታወቅበት መቶ ዘመን፣ ከየት እንደተገኘ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ። ቁልፎቹን ለማግኘት ጌሙን በዲበግ ሞድ (ቁልፎቹን በሚያሳየው የመፈተሻ ሁኔታ) ማስነሣት ነው። ካርታውን በሙሉ ለመሸፈን አትነሡ፤ አንድ ኪንግደም፣ ሃያ ወይም ሠላሳ ካውንቲ ጨርሳችሁ ሞክሩት። መጨረሻው ዓምድ ላይ «እርግጠኛ አይደለሁም» የሚለው ከግማሽ ካለፈ ያንን አካባቢ እንዳለ መተው ይሻላል።

ከዚያ የሚመጣው ምርጫ የትኛውን ፋይል መንካት ነው። ላንድድ ታይትልስን በተመሳሳይ ስም ገልብጣችሁ ብታስተካክሉ የእናንተው ፋይል የጌሙን ሙሉ በሙሉ ይተካዋል። አዲስ ፓች (የጌሙ ማሻሻያ) በወጣ ቁጥር ማዕረግ ይጨመራል፣ ይቀነሳል፤ ፋይላችሁ ግን አሮጌው ነው። ያኔ ካርታው ይፈራርሳል ወይም ጌሙ አይነሣም። መነሻ ስሞችን ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ፣ ወይም ጌሙ ቀድሞ የከፈተው የባህል ስም ካለ፣ ላንድድ ታይትልስን ጨርሶ አትንኩ። በሞዱ ውስጥ ሎካላይዜሽን፣ ከሥሩ ኢንግሊሽ፣ ከሥሩ «ሪፕሌስ» የሚል አቃፊ ፍጠሩና ተመሳሳዩን ቁልፍ በአዲስ ጽሑፍ ጻፉበት። ፓች ቢመጣም ይሄ አይሰበርም። አዲስ የባህል ስም መጨመር ከፈለጋችሁ ብቻ ነው ወደ ትልቁ ፋይል የምትገቡት፤ ያኔ በየፓቹ አሮጌውንና አዲሱን ማመሳከር የማይቀር ዕዳ ነው።

የሎካላይዜሽን ፋይል ቀላል ይመስላል፤ አማርኛ ኪቦርድ ሲገባበት ግን ከሌላው ሰው በተለየ መንገድ ይበላሻል። መስመሩ አንድ ክፍት ቦታ፣ ቁልፍ፣ ኮለን፣ ከዚያ በድርብ ጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው። ኮለኑ የላቲኑ ኮለን መሆን አለበት። ኪቦርዱን ሳንመልስ ስንጽፍ ኮለኗ «፡» ወይም «፦» ሆና ትገባለች፤ ለዓይን ያው ናት፣ ለጌሙ ግን ምንም አይደለችም። ጥቅሱም ቀጥ ያለው የላቲን ድርብ ጥቅስ እንጂ እንደዚህ «» ያለው አይሆንም፤ በቃል ማቀነባበሪያ የተጠማዘዘውም አይሠራም። ስለዚህ በዎርድ አትጻፉ፣ በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ወይም በቪኤስ ኮድ ጻፉ። ስታስቀምጡት ኢንኮዲንጉ (ፊደሎቹ በፋይሉ የሚቀመጡበት ስልት) ዩቲኤፍ 8 ብቻ ሳይሆን «ከቦም ጋር» የሚለው ይሁን፤ ቦም በፋይሉ መጀመሪያ የሚቀመጥ የማይታይ ምልክት ነው። ቦም የሌለውን ፋይል ጌሙ በትክክል አያነበውም፤ ካርታው ላይ በስም ምትክ ከነሰረዙ የቆመ ቁልፍ ካያችሁ መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ኮለኗን ፈትሹ። የጌሙ የስሕተት መዝገብ ላይ የመስመሩ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ሌላው የሚረሳው ቅጽል ነው። እያንዳንዱ ስም ሁለተኛ ቁልፍ አለው፣ መጨረሻው «ኤዲጄ» የሆነ። እንግሊዝኛው እዚያ «ኢትዮፒያን» ይላል፣ እኛም ሳናስብ «ኢትዮጵያዊ» እንሞላለን። ከዚያ «ኢትዮጵያዊ ጦር»፣ «ይፋታዊ ዓመፅ» የሚል ነገር ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ይህ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከጦር፣ ከጦርነት፣ ከዓመፅ በፊት ነው፤ ስለዚህ «የኢትዮጵያ»፣ «የይፋት» ብላችሁ ሙሉት። ጌሙን በሙሉ የምትተረጉሙ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ጌሙ ስሙን ከሚያስገባበት ቅንፍ በፊት «የ» ካለው «የየኢትዮጵያ» ይወጣል። ከሁለቱ በአንዱ ጨክኑ። በቀረውስ አማርኛ ዕድለኛ ነው። «ኪንግደም ኦፍ» የሚለውን ገልብጦ «የ» ከቅንፉ ጋር አጣብቆ መጻፍ ይቻላል፤ «ን»ም ከኋላ እንዲሁ ይለጠፋል። ስሙ አይበላሽም፣ ሸዋ ሸዋን፣ አክሱም አክሱምን።

ፎንቱ ሌላ ራስ ምታት ነው። ከጌሙ ጋር የሚመጡት ፎንቶች የተዘጋጁት ጌሙ ለሚሸጥባቸው ቋንቋዎች ነው፣ ግዕዝ ከመካከላቸው የለም። ሳትጨምሩ ብትጽፉ ባዶ ሳጥን ነው የምታዩት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮጵክ ወይም አቢሲኒካ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ፈቃዳቸው ከሞድ ጋር ማሰራጨትን ይፈቅዳል። የማይክሮሶፍቱን ናይላን ግን ሞድ ውስጥ ከትታችሁ አታሰራጩ። ፎንቱ ከዩኒኮድ 1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን ክፍል መሸፈኑን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ እንደ «ቍ» ያሉት ይዘለላሉ። የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል መጠኑን ትንሽ መቀነስ ያስፈልግ ይሆናል፤ በምትኩ ቃሉ አጭር ነው። ኮንስታንቲኖፕል በላቲን 14 ፊደል ነው፣ ቍስጥንጥንያ 7።

በላቲን ፊደል መቆየት የሚፈልግ ሰው ክሩሴደር ኪንግስ 3 ላይ ዩቲኤፍ ስላለው ይተነፍሳል። ሁለተኛው ጌም ግን ፋይሎቹ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ በሚይዘው በዊንዶውስ 1252 ኢንኮዲንግ ነበሩ። በዚያ ሸዋን በምሁራኑ አጻጻፍ መጻፍ ይቻላል፣ ምክንያቱም ኮፍያዋ የተገለበጠ ኤስና ሁለት ነጥብ ያላት ኤ አሉ። ሐማሴንና ጣና ግን አይጻፉም፣ ከሥራቸው ነጥብ ያላቸው ኤችና ቲ የሉም። ፖላንዶችም የተሰረዘችው ኤል ስለሌለች ያው ችግር ነበረባቸው።

የፊደል ምርጫውን መጀመሪያ ላይ ወስኑ። የጌሙ መፈለጊያ ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ፣ ቁን ከቍ አያገናኝም። «ሐዲያ» ብላችሁ ጽፋችሁ ተጫዋቹ «ሀዲያ» ብሎ ቢፈልግ አያገኝም። እኔ በግዕዙ አጻጻፍ ጸንቼ፣ ከሞዱ ጋር አንድ ገጽ የስም ዝርዝር ማያያዝን እመርጣለሁ፤ ፊደል እንጨፍልቅ የሚለውም ቢሆን አይወቀስም፣ ግማሹን እንዲህ ግማሹን እንዲያ እስካልጻፈ ድረስ።

ምዕራብ አውሮፓ ሲደርስ ጎተራው ባዶ ነው። ሐበሻ ንጉሥ ለንደንን ቢይዝ፣ ጋዜጣ ላይ እንደምንጽፋት ለንደን ትባል። ለኤዮፎርዊች የሚሆን የግዕዝ ስም አትፍጠሩ፤ ያንን ካውንቲ የባህል ስም ሳትሰጡ ተዉት፣ መነሻ ስሙን ይዞ ይቀመጥ።